ሐይቁም ይታይ፣ አልጋውም ይታይ

አዳማ ውስጥ ፎቶ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። ይህን ስል ደረቴን የምነፋ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ ፎቶ ቤት ማለት ጉርድ ፎቶ ቤት ማለት ነው። ሰው ሠርጉን በስልኩ ያነሳል፣ ልደቱን በስልኩ ያነሳል፤ እኔ ዘንድ የሚመጣው አንዱ መሥሪያ ቤት «ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዘህ ና» ሲለው ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የከተማዬን ሕዝብ የማውቀው ከደረቱ በላይ ነው። እግር ያለው ሰው ካነሳሁ ቆይቻለሁ።

ስለዚህ እትዬ ትርሲት ደውለው «ሆቴሌን አንሳልኝ» ሲሉኝ ከወንበሬ ተነሥቼ ነው ያናገርኳቸው። እትዬ ትርሲት አዳማ ገበያው አጠገብ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆርቆሮና ሚስማር ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸው። ሲናገሩም ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ነው የሚመስሉት። በቅርቡ ደግሞ ባቱ ከተማ ሄደው፣ ከሐይቁ ፊት ለፊት፣ ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል አቆሙ። ክፍሎቹ ሁሉ ግድግዳውን የሚያክል መስኮት አላቸው። ገና በሩን ስትከፍቱ ሐይቁ ነው የሚቀበላችሁ።

ሄድኩ። አነሳሁ። ላፕቶፔን ከፍቼ አሳየኋቸው። አልጋው ያምራል፣ ቁም ሳጥኑ ያምራል፣ ምንጣፉ ሳይቀር ያምራል። እትዬ ትርሲት መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ተከሉ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«መስኮት ነው እትዬ።»

«መስኮት መሆኑንማ ያስገጠምኩት እኔ ነኝ። ከመስኮቱ ውጭ ያለው ምንድን ነው?»

«ሐይቁ ነው።»

«የታለ?»

እውነታቸውን ነው፤ የለም። መስኮቱ ወለል ብሎ ነጭ ሆኗል።

«ስማ» አሉ፣ «እኔ እዚህ ድረስ መጥቼ የሠራሁት ለሐይቁ ብዬ ነው። አንተ ሐይቁን አንስተህ አንሶላ ሰቀልክልኝ!»

ምንም አይደለም ብዬ ካሜራውን ለሐይቁ ብርሃን አስተካክዬ ደግሜ አነሳሁ። አሁን ሐይቁ መጣ፤ ከነጀልባዎቹ፣ ከነወፎቹ መጣ። ክፍሉ ግን ዋሻ ሆነ። እትዬ ትርሲት ረጅም ጊዜ አዩት።

«እንግዳው የት ሊተኛ ነው? ጀልባ ላይ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰው ዓይን ጨለማውንና ብርሃኑን አስታርቆ ያያል። ካሜራ ግን እንደ አንዳንድ ቢሮ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ባለጉዳይ ብቻ ነው የሚያስተናግደው፣ ሌላው ነገ ይመለሳል። መፍትሔው አንዱን ቦታ ደጋግሞ ማንሳት ነው፤ አንዴ አጨልሞ፣ አንዴ አማካይ አድርጎ፣ አንዴ አብርቶ። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ሁሉንም አንድ ላይ ማዋሃድ። ደጋግሞ ማንሳቱን ባለሙያዎቹ ብራኬቲንግ ይሉታል፤ ተዋህዶ የሚወጣውን ፎቶ ደግሞ ኤችዲአር። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት የማውቀው «አላውቅም» የሚለው ቃል ከአፌ እንደማይወጣ ብቻ ነበር።

«ካሜራዬ ነው እትዬ» አልኩ፣ የሞተ ዘመድ ስም እንደሚያነሳ ሰው ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ዘመኑ አልፎበታል። አሁን ይህ ሥራ የሚሠራው በሚረርለስ ነው። ውስጡ መስታወት የሌለው አዲስ ዓይነት ካሜራ ነው።»

«ታዲያ መስታወት የሌለውን አምጣና አንሳ። ሆቴሉ የሚመረቀው ከፋሲካ በኋላ ነው። እስከዚያ ካልቻልክ የአዲስ አበባ ሰው አስመጣለሁ።»

የአዲስ አበባ ሰው! ይህን ለአንድ የአዳማ ባለሙያ ከመናገር በጥፊ መምታት ይሻላል።

በማግስቱ ይልቃልን ጁስ ቤት ጋበዝኩት። ይልቃል ባንክ ቤት የሚሠራ ወዳጄ ነው። በዓለም ላይ የተሠሩትን ካሜራዎች በሙሉ ያውቃል፤ አንድም የለውም። ካሜራ ስለሌለው ፎቶ አንስቶ አያውቅም፣ ፎቶ አንስቶ ስለማያውቅም ተሳስቶ አያውቅም። ስለዚህ ከተማው በሙሉ የሚያማክረው እሱን ነው።

«ለብራኬቲንግ የሚሆን ሚረርለስ ፈልጌ ነበር» አልኩት። ቃሏን ሌሊቱን ኢንተርኔት ላይ ነው የሸመደድኳት።

ይልቃል የአቮካዶ ብርጭቆውን ገፋ አደረገ። «ስንት ፍሬም?»

«ስንት ስንት አለ?»

«ሦስት የሚያነሳ አለ፣ አምስት አለ፣ ሰባት አለ፣ ዘጠኝም አለ።»

«ዘጠኝ!» አልኩ፣ ስንት ሳምቡሳ ትበላለህ እንደተባለ ሰው።

«በአንዱና በሌላው መካከል ያለው የብርሃን ልዩነትስ? አንድ ስቶፕ ነው ሁለት ስቶፕ?»

ለእኔ ስቶፕ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ የሚያሳየው ነገር ነበር። «ብዙ ስቶፕ» አልኩት።

«የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ ትፈልጋለህ?»

«እጄ አይንቀጠቀጥም።»

«ዋጋውን ስትሰማ ይንቀጠቀጣል» አለና ብርሃኑን ስለሚቀበለው ስለ ሴንሰሩ ስፋት ያስረዳኝ ጀመር። ሁለተኛ ጁስ አዘዘ። ሦስተኛም አዘዘ። ስንለያይ የማውቀው፣ ሳላናግረው በፊት ከማውቀው ያነሰ ነበር፤ ይልቃል ግን በጣም ደስ ብሎት ነበር። ለማጠቃለያ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አስገባኝ፤ የካሜራ ሊቃውንት የሚሰበሰቡበት።

ግሩፑ ውስጥ በትሕትና ጻፍኩ፦ «ሰላም ወዳጆች፣ የሆቴል ክፍል ከነመስኮቱ ለማንሳት የትኛው ካሜራ ይሻለኛል?» ምነው እጄን በቆረጠው! ወዲያው ሁለት ጎራ ተፈጠረ። አንዱ ጎራ ሴንሰሩ ሰፊ ያልሆነ ካሜራ መጫወቻ ነው አለ። ሌላው ጎራ ሰፊ ሴንሰር የሚወዱት ማንሳት የማይችሉ ናቸው አለ። በሁለተኛው ቀን ሆቴሉም መስኮቱም እኔም ተረስተናል። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች ተሰዳድበው ከግሩፑ ወጡ፤ አንደኛው ሲወጣ «ለዚህች አገር ፎቶግራፍ አይገባትም» ብሎ ጽፏል። መሐል ላይ አንድ ሰው ብቻ «ወንድሜ፣ አሁን ያለህ ካሜራ ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እንዲህ ያለ ተራ ጥያቄ ለሚጠይቅ ሰው ጊዜ ስላልነበረኝ አለፍኩት።

ባለቤቴ ሮማን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ ስፌት ስትመረምር ስለምትውል ቤት ስትገባም መመርመሯን አትተውም። ሳምንት ሙሉ ስልኬ ላይ አፍጥጬ ካየችኝ በኋላ ጠየቀችኝ።

«ያለህ ካሜራ መመሪያ የለውም?»

«አለው።»

«አንብበኸዋል?»

«ሮሚ፣ መመሪያ ለማያውቅ ሰው ነው።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ» አለች።

ባለሙያ ቤቱ ውስጥ አይከበርም። ይህን ለራሴ ነግሬ፣ ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ያስቀመጥነውን ገንዘብ እንድትፈቅድልኝ ለመንኳት። ቀኑን ሙሉ የሰው ልብስ ስትመረምር ውላ ማታ የቤቱን ልብስ በእጇ የምታጥብ ሴት እንዲህ ያለ ልመና ስትሰማ ትጮኻለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸችም። «እሺ» አለች፣ «ማሽኑ እስኪገዛ ድረስ ማሽኑ አንተ ነህ።» ያንኑ ዕለት ማታ ሦስት አንሶላ አጠብኩ።

ያገለገሉ ካሜራዎች በጥሩ ሁኔታ የሚገኙት ሻሸመኔ፣ ጋሽ ከድር ዘንድ ነው ብለው ነገሩኝ። ማለዳ ሚኒባስ ይዤ፣ አሮጌ ካሜራዬን በለውጥ ልሰጥ ጉያዬ ውስጥ ሸጉጬ ሄድኩ። ጋሽ ከድር ቆብ ያደረጉ፣ ነገር የማያጣድፉ የአርሲ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ውስጥ ሬዲዮው፣ ካውያው፣ የስልክ ባትሪው ተደራርቦ ነው የተቀመጠው።

«አካም ጅርታ? ፈያዳ?» አሉኝ በኦሮምኛ። የቤቴን፣ የሥራዬን፣ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቀው ሲያበቁ ሁለት ሚረርለስ ካሜራ አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩ።

አንደኛው ግዙፍ ነው። ዘጠኝ ያነሳል። ዓይኔ እዚያው ቀረ። ሁለተኛው ትንሽ ነው፤ አምስት ነው የሚያነሳው፣ ነገር ግን ሰፊ ሌንስ አለው።

«ትልቁን» አልኩ።

«ምን ልታነሳበት ነው?»

«የሆቴል ክፍል፤ ከነአልጋው፣ ከነመስኮቱ፣ ከነሐይቁ።»

«እንግዲያስ ትንሹ ነው የሚሆንህ። የዚህ የትልቁ ሌንስ ሩቅ የሚያመጣ ነው። በዚህ ክፍሉን ልታነሳ ከሐይቁ ማዶ መቆም አለብህ።»

«ግን ዘጠኝ…»

«ዘጠኝ ምን ያደርግልሃል? መስኮትና አልጋ አይደል? ለዚያ ሦስትም ይበቃል።»

ሻጭ እንዲህ ሲያወራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሊሸጡልኝ አልፈለጉም ብዬ ጠረጠርኩ። ለማንኛውም አሮጌውን ካሜራዬን እንዲያዩልኝ አቀበልኳቸው። ጋሽ ከድር አበሩት፣ ሜኑውን ገባ ወጣ አሉበት፣ አንድ ካርቶን ላይ አስቀመጡትና ወደ ሱቁ በር አዞሩት። ቁልፉን ሲጫኑት ቻክ፣ ቻክ፣ ቻክ አለ። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ወደ እኔ አዙረው አሳዩኝ፤ አንዱ ጨለማ፣ አንዱ አማካይ፣ አንዱ ብሩህ። በአንዱ ላይ መንገዱ ከነባጃጁ ይታያል፤ በሌላው ላይ የሱቁ ውስጥ ከነአቧራው።

«ያንተም ይሠራዋል እኮ» አሉ።

እናንተዬ፣ በዚያች ቅጽበት ያለፈብኝን ላብ ልነግራችሁ አልችልም። ያንን ካሜራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ኖሬያለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ሲያውቅ ኖሮ አንድም ቀን አልነገረኝም።

አሁን ልባም ሰው ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? «አላህ ይስጥልኝ ጋሽ ከድር» ብሎ፣ ካሜራውን አቅፎ፣ በዚያው ሚኒባስ ተመልሶ፣ ለሚስቱ ማሽኗን ይገዛላት ነበር። እኔ ግን ለእትዬ ትርሲት ካሜራዬ አርጅቷል ብያለሁ። ሮማንን የማሽኗን ገንዘብ ለምኛለሁ። ለይልቃል ዘጠኝ ብያለሁ። አንድ ግሩፕ ሙሉ ሰው በእኔ ምክንያት ተጣልቷል። ይህ ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ «ለካ ቁልፉን አላውቀውም ነበር» ልበል?

«አውቃለሁ» አልኳቸው ጉሮሮዬን ጠርጌ። «ግን አርጅቷል።»

ጋሽ ከድር ቀና ብለው አዩኝ። ብዙ ዓይነት ገዢ ያዩ ሰው ናቸው። «እሺ፣ አንተ ካልክ» አሉና ትንሹን ካሜራ ጠቀለሉልኝ። ወላሂ ያዘኑልኝ ይመስለኛል። ከሱቁ ሳልወጣ አንድ ሌላ ሰው ገብቶ አሮጌውን ካሜራዬን ማገላበጥ ጀመረ፤ ጋሽ ከድርም «ይኼ ጎበዝ ነው፣ ሦስት ያነሳል» ሲሉት ሰማሁ።

ከምረቃው አራት ቀን በፊት ባቱ ደረስኩ። በዚህኛው ዙር መመሪያውን ሁለት ጊዜ አንብቤያለሁ፤ ለማንም እንዳትናገሩ። ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አስሬ፣ ትንፋሼን ውጬ ቁልፉን ተጫንኩ። አምስት ጊዜ ተነሣ። ላፕቶፑ ላይ አዋሃድኩት። ያቺ አሮጌ ላፕቶፕ አምስቱን ፎቶ አንድ ለማድረግ የሽማግሌ ጉባኤ ነው የተቀመጠችው፤ በመጨረሻ ግን አወጣችው። አልጋው አለ! ሐይቁ አለ! ልጮህ አፌን ስከፍት መጋረጃውን አየሁት። ንፋሱ ስላወዛወዘው አምስት መጋረጃ ሆኖ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ እየታየ፣ የመንፈስ ቤት አስመስሎታል።

መስኮቱን ዘጋሁና እንደገና ተጫንኩ። ልክ በዚያች ሰዓት እትዬ ትርሲት «ትራሱ ጠሟል!» ብለው ከበሩ ወደ አልጋው ገሰገሱ። ፎቶው ሲወጣ ሦስት እትዬ ትርሲቶች አሉበት፤ ሦስቱም ግድግዳው በውስጣቸው ይታያል።

«ይኼ ማነው?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት።»

«ይኼስ?»

«እርስዎ።»

«አልጋው ጋ ያለችውስ?»

«እሷም እርስዎ ነዎት እትዬ፣ ይቅርታ፣ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።»

«እንዳታጠፋው!» አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩት። ደስ ሲላቸው ያየሁት ያን ቀን ነው። «ይህን በትልቁ አትምልኝ። ወጥ ቤት ነው የምሰቅለው። ሠራተኞቹ ይዩት።»

ከዚያ በኋላ ሰው ሳይገባ፣ ንፋስ ሳይገባ አነሳሁ። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ታሪኩ ደህና ያልቅ ነበር። ግን ፎቶው ሲዋሃድ ሐይቁ የራሱን መልክ ይዞ ወጣ። የባቱን ሐይቅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ውሃው ሻይ በወተት ነው የሚመስለው። ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ ቀለም የምትጨምር አንዲት መጎተቻ አለች። ትንሽ ጎተትኳት። ሐይቁ ሰማያዊ ሆነ። «ጨምር» አሉ እትዬ ትርሲት ከኋላዬ ሆነው። ጨመርኩ። «ጨምር፣ ምን ያስፈራሃል?» ጨመርኩ። ስናቆም ሐይቁ የላስቲክ ባልዲ ሰማያዊ ሆኖ፣ የአልጋው ልብስ እያበራ፣ ጣሪያው ወርቅ መስሎ ነበር። ያ ፎቶ በባነር ታትሞ ሆቴሉ በር ላይ ተሰቀለ፤ ኢንተርኔት ላይም ወጣ። ይልቃል አይቶት «የዘጠኙ ጉልበት ነው» ብሎ ለሰው ሁሉ አሳየ። አላረምኩትም።

ከምረቃው በኋላ ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ እትዬ ትርሲት ጠዋት ደወሉ። «አንድ እንግዳ ክፍሉ ፎቶውን አይመስልም ብለው አስቸግረውኛል። ፎቶው ያንተ ነው፤ መጥተህ አስረዳ።»

ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። ሰማዩ ደመና ነው፣ መብራት የለም፣ ለጄኔሬተሩ ነዳጅ ሊያመጡ ሄደዋል። እንግዳው ጋሽ ደበላ የሚባሉ ከወለንጪቲ የመጡ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አስካለ ጋር ለዕረፍት ነው የመጡት። ስልካቸው ላይ ያለውን የእኔን ፎቶ ከመስኮቱ ጎን ይዘው፣ አንዴ ስልኩን አንዴ ሐይቁን እያዩ ፈተና እንደሚያርም ሰው ቆመዋል። እትዬ ትርሲት በሩ ላይ እጃቸውን አጣምረዋል።

«ያነሳኸው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«የዚህ ክፍል ፎቶ ነው?»

«የዚሁ ነው።»

«እንግዲያው አስረዳኝ። ተረጋግተህ።»

አስረዳሁ። ካሜራ እንደ ዓይን እንዳልሆነ፣ አንዱን አጨልሞ፣ አንዱን አማካይ፣ አንዱን አብርቶ እንደሚያነሳ፣ አምስትም እንደሚደረግ፣ ከዚያ አንድ ላይ እንደሚዋሃድ ተናገርኩ። መጎተቻዋን ግን ዘለልኳት። ጋሽ ደበላ ሳያቋርጡ አዳመጡኝ። ስጨርስ በጨለመው ክፍል ውስጥ ዙሪያውን ተመለከቱ።

«ገባኝ» አሉ። «አሁን እኔ የተከራየሁት ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን ነው?»

እትዬ ትርሲትን አየኋቸው። ቅንድባቸው «ተጠንቀቅ» ይላል። ግን በቃ፣ ሰለቸኝ። ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ስዋሽ ደክሞኝ ነበር።

«ጨለማውን ነው ጋሼ።»

ከዚያ ወይዘሮ አስካለ አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጡ ሳቃቸውን ለቀቁት፤ ጋሽ ደበላም ተከተሉ። «ለዚህች መልስ ሙሉ ማርክ ትሰጣታለህ» አሏቸው ባለቤታቸው።

ሲረጋጉ፣ ጋሽ ደበላ «በል እንግዲህ፣ ከመጣህ አይቀር እኛን አንሳን» አሉ። መስኮቱን ከጀርባቸው አድርገው ሊቆሙ ሲሉ ከለከልኳቸው። ሁለት ወንበር ወደ መስኮቱ አዙሬ አስቀመጥኳቸው፤ እኔ መስኮቱን ተደግፌ ቆምኩ። የደመናው ብርሃን ፊታቸው ላይ በለስላሳው አርፏል። ሁለቱም ከትከሻዬ በላይ ሐይቁን እያዩ ነው። አምስቱን ትቼ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያነሳ አድርጌ ተጫንኩ።

ከወገብ በታችም ያለው የሰው ፎቶ ነው፤ እግራቸው ጭምር አለ። አሳየኋቸው።

«ሐይቁ ታየ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«አልታየም እማማ። ከኋላዬ ነው ያለው።»

«ይቅር፤ እሱን እኛ እያየነው ነው።»

ይህን የሚያህል ፎቶ አንስቼ አላውቅም። እውነቴን ነው፤ ዓይኔ ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። ለእትዬ ትርሲትም ካሜራውን አዙሬ አቀረብኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ገልብጠው አዩት። ከዚያ በጥርጣሬ ቀና አሉ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው ቻክ ያለው፤ ቆጥሬያለሁ» አሉ። «ሌሎቹ አራቱስ የታሉ?»